አራተኛው እኩልታ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ተክላይ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦና ጡጫ የሚያህል ጥቁር ቀለበት ሰጡኝና «አርባ ዙር ጠምጥሚ» አሉኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ኮይል፣ እንዲህ የተጠመጠመ ሽቦ፣ በወረቀት ላይ እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

ወርክሾፓችን ገርጂ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተርና የቮልቴጅ ማረጋጊያ ዲዛይን አድርገን ገጥመን እንሸጣለን፣ የተበላሸውንም እንጠግናለን። አራት ቴክኒሽያኖችና ሁለት ኢንጂነሮች ነበርን። ጋሽ ተክላይ ሲኒየር ቴክኒሽያን ናቸው፣ እኔ ጁኒየር ኢንጂነር። በወረቀት ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ ግልጽ ነበር። በተግባር ግን የመጀመሪያውን ዓመት ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

ጠምጥሜ ጨረስኩና ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ።

«ሠላሳ ስምንት ነው። ፍቺው» አሉ።

ሁለተኛው አርባ ሆነ። ኃይል የማጠራቀም አቅሙን በመለኪያ ለኩትና ቁጥሩን አሳዩኝ። ከዚያ ሽቦውን መልሰው ፈቱት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና እንደገና ለኩት። መለኪያው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አሳየ።

«ያው ሽቦ ነው። ተዘርግቶም ቢሆን ትንሽ ነገር አለው። አየሽ?»

አየሁ አልኳቸው። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት። መጻፍና ማየት ለየቅል መሆናቸው የገባኝ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

በስድስት ወር ውስጥ አንድ የተቃጠለ ኢንቨርተር የት እንደተቃጠለ ከጠረኑ መለየት ጀመርኩ። በዓመቴ ካቻቢቴ ሳይሰጡኝ ከኪሴ አወጣ ነበር። ይህንን የምነግራችሁ ለእጅ ሥራ ባዳ እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ከዚህ በታች የምናዘዘው ጥፋት ግን የእጅ ሥራ ጥፋት አይደለም።

የተቀጠርኩበት ዋና ሥራ እኩልታ ማውጣት ነበር። ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰርኪዩት ይሰጣችኋል። ኃይል የሚያጠራቅሙትን ዕቃዎች ትቆጥራላችሁ። ለኮይል በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት፣ ለካፓሲተር የተሸከመውን ቮልቴጅ ትይዛላችሁ። እነዚህ ቁጥሮች ከታወቁ ሰርኪዩቱ በዚያች ቅጽበት ምን ላይ እንዳለ ይታወቃል። ለእያንዳንዳቸው ከዚህ ቅጽበት ወደሚቀጥለው እንዴት እንደሚለወጡ የሚናገር አንድ እኩልታ ትጽፋላችሁ። ሦስት ዕቃ ካለ ሦስት እኩልታ፣ አራት ካለ አራት።

እኩልታዎቹን ደርድራችሁ ማትሪክስ ታደርጓቸዋላችሁ። ከማትሪክሱ የሚወጡት ቁጥሮች ዋናውን ነገር ይነግሯችኋል። ሁሉም ከዜሮ በታች ከሆኑ ሰርኪዩቱ ሲነካካ ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋጋል። አንዱ እንኳ ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን ውዝዋዜው እያደገ ይሄድና የሆነ ነገር ይቃጠላል።

እኔ በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ፤ ትሕትና አያስፈልግም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነበር የምኖረው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ መስኮት ከደረሰኝ መገናኛ እስክንደርስ አንድ ሰርኪዩት በደብተሬ ላይ ይፈታ ነበር። አንድ ጊዜ ወያላው መልሴን ለመስጠት አንገቱን አስግጎ ደብተሬን አየና «እህት፣ ይሄ ሁሉ ለታክሲ ሒሳብ ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ።

የቴክኒክ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳንኤል ማትሪክስ ይወዱ ነበር። ለደንበኛ በሚቀርበው ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስገቡታል። «ባይገባቸውም ያከብሩታል» ይሉ ነበር። ጋሽ ተክላይ ደግሞ በስሜ መጥራት ትተው «ማትሪክስ» ይሉኝ ጀመር። ጠዋት በር ላይ ስታይ «ማትሪክስ መጣች፣ ጠረጴዛውን ጥረጉላት» ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር።

በስድስተኛ ዓመቴ ብቻዬን ሙሉ ኢንቨርተር ዲዛይን እንዳደርግ ተሰጠኝ። ደንበኛዋ ዶክተር ሶስና የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ አትላስ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ አላቸው። መብራት ሲጠፋ የታካሚ አፍ ተከፍቶ፣ ማሽን ተዘግቶ መቅረቱ አንገሽግሿቸዋል። ሦስት ወንበር፣ የአየር መጭመቂያና መሣሪያ የሚቀቅለውን አውቶክሌቭ ባንድ ላይ የሚሸከም ኢንቨርተር ፈለጉ።

ሰርኪዩቱን ሣልኩ። ከባትሪው ቀጥሎ መግቢያው ላይ ትልቅ ካፓሲተር፣ ከዚያ ትራንዚስተሮቹ፣ ከዚያ ኮይሉ፣ መጨረሻ ላይ የመውጫው ካፓሲተር። ኃይል የሚያጠራቅሙት ሦስት ናቸው። ሦስት እኩልታ አወጣሁ። የማትሪክሱ ቁጥሮች ሁሉ ከዜሮ በታች ሆኑ፣ ያውም በሰፊው። ጋሽ ተክላይ ገጠሙት። ጠረጴዛ ላይ ባትሪውን ባንድ ሜትር ሽቦ አገናኝተን ሁለት ቀን ሙሉ ጭነት አሸከምነው። ዝም ብሎ ሠራ።

ክሊኒኩ ድረስ ሄደው የተከሉት ጋሽ ተክላይ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ዲዛይን ይዤ ስለነበር አልሄድኩም። የተከላ ቅጹን በሚያምር ጽሕፈታቸው ሞልተው አመጡልኝ። ማሳሰቢያ የሚለው ቦታ ላይ ሦስት መስመር ጽፈዋል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ የሕንፃው ባለቤት ፎቅ አላስወጣም ብሏል፣ ግራውንድ ደረጃው ሥር ነው ያለው። ሽቦው ሃያ አምስት ሜትር ነው። ሁሉም ማሽን ባንድ ላይ ሲነሳ ኢንቨርተሩ ያጉረመርማል።

አነበብኩት። የሽቦውን ርዝመት ሳይ ለከረንት ያለውን ተቃውሞ አሰላሁ። ጥቂት ሚሊኦም፣ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። እኩልታው ውስጥ ጨመርኩት፣ ቁጥሮቹ አሁንም ከዜሮ በታች ናቸው። ስለ ማጉረምረሙ ስጠይቃቸው «ወፍራም ድምፅ ነው። ትራንስፎርመር የሚያሰማውን አይደለም፣ እሱን አውቀዋለሁ። ይሄ ከዚያ ከፍ ይላል» አሉ።

«ማራገቢያው ይሆናል ጋሼ።»

«ማራገቢያ ሆድ ውስጥ አይሰማም።»

ፈገግ ብዬ ቅጹን ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

በአራተኛው ወር ትራንዚስተሮቹ ተቃጠሉ። ጋሽ ተክላይ ቀይረው መለሱት። ዶክተር ሶስና አንድ ወንበር ጨመሩ፣ በስድስት ሳምንቱ እንደገና ተቃጠለ። አቶ ዳንኤል ጠሩኝ።

«ዲዛይኑን እንደገና እዪው» አሉ።

አየሁት። ዲዛይኑ ላይ ምንም አላገኘሁም። ጥንቃቄ ለማብዛት ያህል አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሽቦው ይወፍር አልኩ። ወፍራም ሽቦ ተቃውሞው ያንሳል፣ ቮልቴጅ አይወርድበትም፣ ከዚህ የሚጎዳ ነገር የለም። ከመጀመሪያውም ሽቦውን የዘረጋው የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን ወፍራሙን በድሮው መስመር አሳልፎ ዘረጋው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተቃጠለ።

ዶክተር ሶስና ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ታካሚዬ ወንበር ላይ እያለ ጭስ ሸተተኝ። እኔ ጥርስ ስነቅል እንኳ ሦስት ጊዜ አልሞክርም» አሉኝ።

አቶ ዳንኤል ጉዳዩን እንዲህ አሰቡት። ዲዛይኑ በእኩልታ ተፈትሿል። ሽቦው ወፍሯል። ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ከሄደ በኋላ ይቃጠላል። እንግዲህ የቀረው የገጠመው እጅ ነው። ብየዳው ደካማ ይሆናል፣ ወይም ትራንዚስተሩን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ብሎን በትክክል አልጠበቀም። ጋሽ ተክላይ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። መነጽራቸውን በቅርብ ጊዜ ቀይረዋል። ሻይ ሲይዙ እጃቸው ትንሽ እንደሚንቀጠቀጥ ሁላችንም አይተናል። ካቻቢቴ ሲይዙ ግን አይንቀጠቀጥም። ይህንንም ሁላችንም አይተናል፣ የተናገረ ግን አልነበረም።

«ሪፖርት ጻፊልኝ። እኩልታዎቹን አስገቢና መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨምሪበት» አሉኝ።

«ምን የሚል?»

«ዲዛይኑ የተረጋጋ ነው፣ ችግሩ ከገጠማ የመጣ ነው የሚል።»

«የገጠማውን እኔ አላየሁትም እኮ ኢንጂነር።»

«ዲዛይኑ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንቺው ንገሪኛ።»

ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ያኔ ከባድ ሆኖ ታየኝ። ወደ ሲኒየርነት የማድግበት ወረቀት እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ይህንንም አልደብቃችሁም። መስመሩን ጨመርኩት፣ ፈረምኩበት።

በማግስቱ ጋሽ ተክላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሪፖርቴ አባሪ ሆኖ ተያይዟል። የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከሥራ ጠረጴዛቸው ተነስተው ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲሠሩ ታዘዙ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሦስት ሳምንት በኋላ አርብ ነው። እንደሚያሰናብታቸው ወርክሾፑ ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ስንብት ምን እንደሚያመጣ ያውቀዋል። እጁ ያቃጥላል የተባለ ቴክኒሽያን ከመገናኛ እስከ ሳሪስ የሚቀጥረው ወርክሾፕ አያገኝም።

ዕቃ ለማውጣት ግምጃ ቤት ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሚያስፈልገኝን ሁሉ በሰው አስመጣ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ግን የሚላክ ሰው ጠፋና ራሴ ወረድኩ።

ብሎን በየመጠኑ እየለዩ በቆርቆሮ ያስቀምጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ብሎናቸው ተመለሱ።

«ምን ልስጥሽ?»

«ካፓሲተር ነበር ጋሼ። አራት።»

አወጡልኝና መዝገቡን አስፈረሙኝ። ልወጣ ስል «ማትሪክስ» አሉ። ቆምኩ።

«ሪፖርትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርቱ ባይኖረኝም ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ የመግቢያው ካፓሲተር ነው፣ አንዱ ኮይሉ፣ አንዱ የመውጫው ካፓሲተር። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«እኔ በየትኛው ነው ያለሁት?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ሲያስረዱኝ እንደሚጠይቁት ነበር የጠየቁት፤ መልሱን እስክናገር ጠበቁ። ካፓሲተሮቹን ይዤ ወጣሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሪፖርቱን አውጥቼ አነበብኩት። ሦስቱ እኩልታዎች የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥዕሉ እንደተሣለው ከሆነ ይህ ሰርኪዩት ይረጋጋል። ስለ ብሎን፣ ስለ ብየዳ፣ ስለ ማንም እጅ የሚናገር ፊደል የለባቸውም። ያ የመጨረሻ መስመር ከየትም አልመጣም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አፈርኩ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ቦርሳዬን ይዤ ወደ አትላስ ሄድኩ። ያንን ኢንቨርተር ዲዛይን ካደረግኩ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያለበትን ቦታ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዶክተር ሶስና ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወጥተው ተቀበሉኝ። «አንቺ ነሽ ኢንጂነሯ? እንዲህ ልጅ አልመሰልሽኝም ነበር» አሉ። ኢንቨርተሩን ከሦስተኛው ቃጠሎ በኋላ ሌላ ቴክኒሽያን ጠግኖት በግማሽ ጭነት ይሠራ ነበር። ሁሉንም ማሽን ባንድ ላይ እንዲያስነሱልኝ ለመንኳቸው። ወንበር ላይ ታካሚ የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው ዋናውን ብሬከር አጠፉና ጭነቱ ሁሉ ወደ ባትሪው ዞረ።

አየር መጭመቂያው ተነሳ። አውቶክሌቩ ተከተለ። ያኔ ሰማሁት። ጆሮዬ ከመስማቱ በፊት ደረቴ ላይ ነበር። ወፍራም፣ ወጥ የሆነ፣ የማይቋረጥ ድምፅ። ማራገቢያውን በእጄ ይዤ አቆምኩት፣ ድምፁ እንዳለ ቀጠለ። የገጠመው ሌላ ሰው ነው፣ ድምፁ ያው ነው። አራተኛ እንዳይቃጠል ፈራሁና ከሁለት ደቂቃ በላይ አላስኬድኩትም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ጋሽ ተክላይ ነግሬያታለሁ ብለውኝ ነበር» አሉ ዶክተር ሶስና።

«ነግረውኛል» አልኩ።

ሽቦውን ተከትዬ ወደ ታች ወረድኩ። ቀዩ ሽቦ በደረጃው ቀኝ በኩል ባለው ቱቦ ነው የሚወርደው። ጥቁሩን በአጠገቡ ፈለግኩት፣ የለም። በደረጃው ማዶ፣ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ፣ በግራው ግድግዳ ለብቻው ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት ታች ባትሪው ጋ ሲደርሱ ነው። ንጹሕና ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ሥራ ነበር።

«ለምንድነው ለየብቻ ያስኬዱት?»

«የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳይነካኩ፣ አደጋ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ጠንቃቃ ሰው ነው» አሉኝ ዶክተሯ ከላይ ሆነው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሽቦው ከባትሪው ተነስቶ በቀኝ ሦስት ፎቅ ይወጣል፣ በኢንቨርተሩ ያልፋል፣ በግራ ሦስት ፎቅ ወርዶ ወደ ባትሪው ይመለሳል። አንድ ዙር ነው። የደረጃውን ቤት የሚያህል የአንድ ዙር ኮይል። እኔ ሥራ የጀመርኩ ቀን አርባ ዙር ጠምጥሜ፣ ተፈቶ ተዘርግቶም መለኪያው ላይ ዜሮ እንዳልሆነ አይቼ፣ «አየሁ» ብዬ ደብተሬ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ሥዕሌ ላይ ግን ያንን ሽቦ በማስመሪያ መስመር አድርጌ አልፌው ነበር።

ከቦርሳዬ ወረቀት አጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት የቀጠሮ ካርድ ሰጠችኝ፣ በጀርባቸው መጻፍ ጀመርኩ። ሽቦው ኮይል ከሆነ ኃይል ያጠራቅማል። ስለዚህ የራሱ ከረንት አለው፣ ስለዚህ የራሱ እኩልታ ይገባዋል። አራተኛውን እኩልታ ጻፍኩ። የመግቢያው ካፓሲተር እኩልታም ተለወጠ፤ ከባትሪው በቀጥታ ይቀበል የነበረው አሁን የሚቀበለው ከሽቦው ነው።

ኢንቨርተር ደግሞ እልኸኛ ጭነት ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቮልቴጅ ሲወርድበት የሚስበው ከረንትም ይወርዳል። ኢንቨርተር ግን ለማሽኖቹ ያንኑ ኃይል መስጠት ስላለበት፣ ቮልቴጅ ሲወርድበት ይበልጥ ይስባል። ውዝዋዜ ሲነሳ ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። ያንን የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሽቦው ተቃውሞ።

አሰላሁት። በቀድሞው ቀጭን ሽቦ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ግን ለጥቂት። በእያንዳንዱ መጭመቂያ መነሳት ኢንቨርተሩ ተንዘፍዝፎ እየተረፈ ወራት ቆይቷል። በወፍራሙ ሽቦ ደግሜ አሰላሁት። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሆነ። ከዚህ የሚጎዳ ነገር የለም ብዬ ያወፈርኩት ሽቦ፣ ውዝዋዜውን ያበርድ የነበረውን ያቺኑ ትንሽ ተቃውሞ ወሰደበት። ሦስተኛውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ካርዱ ላይ አንድ ሌላ ቁጥርም ወጣ፣ ውዝዋዜው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ። ሁለት መቶ አምስት።

ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ግምጃ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ያንን የሰሙትን ድምፅ ያሰሙኝ እስቲ።»

«ምን?»

«የክሊኒኩን። በአፍዎ።»

ቀልድ መስሏቸው ኮስተር አሉ። ስልኬን አውጥቼ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካውን ከፈትኩና ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጋሽ ተክላይ እሁድ እሁድ ማኅሌት የሚቆሙ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው የሰማውን ዜማ አይለቅም። ትንሽ አሰቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና አፋቸውን ገጥመው አንጎራጎሩት። ስልኩ ላይ ቁጥሩ ሁለት መቶ ሁለት ላይ ቆመ። የቀጠሮ ካርዱን ከአጠገቡ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግመው አዩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አራተኛው እኩልታ ነው። ሽቦው ነው ጋሼ። እርስዎ የሉበትም። በፊቱም አልነበሩበትም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

አቶ ዳንኤል ካርዶቹን ረጋ ብለው አነበቡ፤ እንደ ሥራ አስኪያጅ ማትሪክስ ማስጌጫ ቢያደርጉትም እንደ ኢንጂነር ማንበብ ያውቃሉ።

«ጎበዝ» አሉ። «እንግዲያው ጥፋቱ የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን ነው። አዲስ ሪፖርት ጻፊ። የበፊቱን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ደብዳቤውን በዝምታ እናነሳዋለን።»

«ኤሌክትሪሽያኑ ሽቦው እንዳይነካካ ነው የተጠነቀቀው። ሁለቱ ባንድ ይሂዱ ብዬ ሥዕሌ ላይ አልጻፍኩለትም።»

«እና ምን ልትይ ነው? ተሳሳትኩ ልትይ?»

«አዎ።»

«የዕድገት ወረቀትሽ እኔ ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል? እየመከርኩሽ ነው።»

«አውቃለሁ። የበፊቱ ሪፖርት ግን በሳቸው ፋይል ውስጥ ነው ያለው። እዚያው ነው መታረም ያለበት።»

ትከሻቸውን ሰበቁ።

አርብ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ፋይሉን አስወጣሁ። የሪፖርቴን የመጨረሻ መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። በጎኑ «ይህ አረፍተ ነገር ከእኩልታዎቹ አልወጣም። ስሌቱም የሽቦውን ኮይልነት አላካተተም። ስህተቱ የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ደብዳቤው ተነሳ። የእኔ ሲኒየርነት በሁለት ዓመት ዘገየ፣ እሱንም ያገኘሁት ሌላ ሥራ አስኪያጅ ከመጣ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከጋሽ ተክላይ ጋር አትላስ ሄድን። ጥቁሩን ሽቦ ከግራው ግድግዳ አውጥተን በቀዩ አጠገብ አሳለፍነው። የሁለቱንም ሽፋን ደህና አድርገን ፈትሸን፣ በየክንዱ ርቀት በፕላስቲክ ማሰሪያ አጠባብቀን አሰርናቸው። የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ጎን ለጎን ሲሆን ዙሩ ይጠፋል፣ ኮይሉም አብሮ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ስንጨርስ ዶክተር ሶስና ብሬከሩን አጠፉ። መጭመቂያው ተነሳ፣ አውቶክሌቩ ተነሳ፣ አራቱም ወንበሮች ሠሩ።

ጋሽ ተክላይ እጃቸውን ኢንቨርተሩ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ድምፁ ጠፋ?» አሉ ዶክተሯ።

«ጠፍቷል» አሉ ጋሽ ተክላይ።

ያ ኢንቨርተር ከዚያ በኋላ ተቃጥሎ አያውቅም።

ሰኞ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ስለነበር መሣሪያዎቻቸውን ወደየቦታቸው ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እኔ ስገባ ቀና አሉና «እንደምን አደርሽ ኢንጂነር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ሠራን። የጠየቅኳቸውን ሁሉ አሳዩኝ፣ ያልጠየቅኳቸውንም ነገሩኝ። ቅጾቻቸው ላይ የሚጽፉትን እያንዳንዷን መስመር አነብ ነበር። ማትሪክስ ብለው ግን ዳግመኛ አልጠሩኝም። ኢንጂነር ከመባል ማትሪክስ መባል ይሻለኝ ነበር። ይህንንም አልነገርኳቸውም።

አሁን እኔ ነኝ የሌሎችን ሪፖርት የምፈርመው። ጁኒየር ኢንጂነሮች ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ነው። ከየትኛው እኩልታ እንደወጣ እጠይቃቸዋለሁ። ከየትኛውም ካልወጣ እንዲሰርዙት አደርጋለሁ።